አሥራ አንድ ስም፣ አንድ እጅ

የታይፒስቷ ሱቅ በጫማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መካከል የተሰነቀረች፣ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ወረቀት መጉረስ የሚወድ መትፋት ግን የሚከብደው አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ ደግሞ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። በሩ ላይ «ጽሑፍ እንተይባለን፣ እናባዛለን፣ እንጠርዛለን» ይላል። እናርማለን አይልም። ማረሙን ግን ታርማለች፤ ጣጣውም ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በበጎ ነበር። ገና ሥራ በጀመረችበት ዓመት ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የጡረታ ማመልከቻ በእጇ ጽፋ መጣች። ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ሙሉ ስለ ሟቹ ደግነት ያወራል፤ ዋናው ጉዳይ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተወሽቋል። ታይፒስቷ ይህን የሚያነብ ሹም ሁለተኛው ገጽ ላይ እንደሚያዛጋ ታውቃለችና ማንንም ሳትጠይቅ ጉዳዩን ወደ ላይ አወጣችው፣ ደግነቱን በሁለት መስመር ቋጨችው። በወሩ ሴትዮዋ ተመልሳ መጥታ እጇን ሳመቻት። ጡረታው ተፈቅዷል።

ከዚያ ወዲህ እጇ አርፎ አልተቀመጠም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተንጋደደ ዓረፍተ ነገር በፊቷ አልፎ አያውቅም፤ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ አይተው ሳያቃኑ እንደማያልፉ ሰዎች ናት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ፣ «አንቺ እኮ የሰው ድስት እየከፈትሽ ጨው የምትጨምሪ ሴት ነሽ» ይላታል።

«ጨው ካነሰው ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ባለቤቱን ጠይቂዋ!»

የራሷ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በሱቋ ታችኛው መሳቢያ አሥራ ስድስት የተጀመሩ ታሪኮች አሉ። ሁሉም የመጀመሪያ ገጽ ናቸው። አንዱን ገጽ ስታርም፣ ያረመችውን መልሳ ስታርም፣ ሁለተኛው ገጽ ሳይወለድ ይቀራል። መጽሐፍ ማሳተም የልጅነት ምኞቷ ነበር፤ ይህን የሚያውቁት ባሏና መሳቢያው ብቻ ናቸው።

በዚህ መሃል ነው የቅዳሜ ሰዎችን ያገኘቻቸው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል፣ አሮጌ ጋዜጦች በተከመሩበት፣ ዘወትር ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አሥራ አንድ ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ መካኒክ፣ አንዱ የመድኃኒት መጋዘን ዘበኛ የነበሩ ጡረተኛ፤ ሌሎቹም እንዲሁ ከየሥራቸው የመጡ ናቸው። ሰብሳቢያቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የተበደሩትን መጽሐፍ ያልመለሱትን እንኳ ይቅርታ እየጠየቀ የሚያስመልስ ሰው። ከመካከላቸው አንድም መስመር ያሳተመ የለም። ሁሉም ግን ይጽፋሉ።

ደንባቸው አንድ ነው፤ ጸሐፊው የራሱን ጽሑፍ አያነብም። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፤ ሌላ ሰው ያነበዋል፣ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይሰማል። አይከራከርም፣ አያብራራም፣ «የኔ ነው» አይልም። ደንቡ የወጣው በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሰዎች በአንድ ግጥም የተነሳ ወንበር ስለተማዘዙ ነው። «ዝም አይነቅዝም» አለ ያን ቀን ኃላፊው፤ ጸደቀ።

የእጅ ጽሑፋቸውን በነጻ የምትተይብላቸው ታይፒስቷ ናት። እሷ አሥራ ሁለተኛዋ ሰው ነበረች፤ ትተይባለች፣ ታባዛለች፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች፣ ምንም አታቀርብም። ስትተይብ ደግሞ ያው ልማዷ አለ። እዚህ የተደጋገመውን ታወጣለች፣ እዚያ የተንዛዛውን ትቆርጣለች፣ የመጨረሻውን ወደ መጀመሪያ ታመጣለች። ቅዳሜ ጽሑፉ ሲነበብ ሰው «ወይ ጉድ!» ሲል ደስታዋ ልክ የለውም። ባለቤቱም የሰማው ከሌላ ሰው አፍ ስለሆነ «ለካ እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ» እያለ አንገቱን ቀና አድርጎ ቤቱ ይገባል። የሰው ልጅ ራሱን ሲያደንቅ ብዙ አይመረምርም።

እንዲህ ሦስት ዓመት ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ አሳታሚ ድርጅት ማስታወቂያ አወጣ። መጽሐፍ አሳትመው የማያውቁ ጸሐፊዎች የሚወዳደሩበት፣ የተመረጠው ሥራ በድርጅቱ ወጪ ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚሰራጭበት ዕድል ነው፤ ለግለሰብም ለማኅበርም ክፍት ነው። ኃላፊው ማስታወቂያውን ሲያነብላቸው ድምፁ ተንቀጠቀጠ። መካኒኩ ተነስቶ ጨበጠው። ከአሥራ አንዱ አንድ አንድ ታሪክ ተመረጠ፣ መቶ አርባ ገጽ ሞላ፣ ታይፒስቷ ጠረዘችው፣ ኃላፊው በገዛ እጁ ወስዶ አስረከበ።

መልሱ በስድስት ሳምንቱ መጣ። ኃላፊው ቅዳሜ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ደብዳቤውን ከፍቶ አነበበ፤ ሲጨርስ ወረቀቱን መልሶ ማጠፍ አቃተው።

«አሥራ አንድ ስም አይተናል፤ ያነበብነው ግን አንድ ሰው ነው» ይላል ደብዳቤው። «ሥራዎቹ በሙሉ ከአንድ እጅ የወጡ መሆናቸውን ስለተረዳንና ይህም የውድድሩን ደንብ ስለሚጥስ፣ ጥራዙን ከውድድር ውጭ ለማድረግ ተገደናል።»

ክፍሉ ተተራመሰ። «እኔን ሌባ ነው የሚሉኝ?» አለ መካኒኩ። ነርሷ አለቀሰች። አንዱ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ጽሑፎቹን ሰብስቦ የወሰደው እኮ አንድ ሰው ነው» አለ። ነገሩ ገባቸው፤ ዓይን ሁሉ ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው አልተቆጣም። «እኔን ከተጠራጠራችሁኝ ቁልፉን ለሌላ አስረክባለሁ፤ ማኅበሩ ግን አይፍረስ» አለ። በጥሩ ስሜት የተለያየ ሰው አልነበረም። ታይፒስቷ ጥግ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ኃላፊው ወንበሮቹን ብቻውን ሲደራርብ እያየች፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

እሁድ ጠዋት ሱቋን ከፍታ የካርቶን ሳጥኖቿን አወረደች። የእጅ ጽሑፍ አትጥልም፤ ሁሉንም እንደመጣ አስቀምጣዋለች። ያስረከቡትን ጥራዝ በግራ፣ የእጅ ጽሑፎቹን በቀኝ ዘርግታ ማስተያየት ጀመረች። መጀመሪያ ለራሷ ትከራከር ነበር፤ «ይኼ እኮ ተሻሻለ፣ ይኼም ተሻሻለ» እያለች። የዘበኛው ወረቀት ጋ ስትደርስ ክርክሩ ቆመ።

እሷ የተየበችው እንዲህ ይላል፦ «ስልኩ እንደተደወለ ሰባቱን በሮች በየተራ ቆልፌ እየሮጥኩ ብደርስም፣ ሞት ቀድሞኝ ነበር።» ያን ጊዜ ሁሉም ያደነቁት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰውየው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭነው የጻፉት ግን ይህ ነበር፦

«ስልኩ የተደወለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሚስትህ ሆስፒታል ገብታለች፣ ቶሎ ና አሉኝ። ሰባቱን በር ሳልዘጋ መውጣት አልችልም። አንደኛውን በር ዘጋሁ። ቁልፉ ጠነከረብኝ። ሁለተኛውን በር ዘጋሁ። ጠዋት ያወራነው ስለ ሽንኩርት ነበር። ሦስተኛውን በር ዘጋሁ። ሽንኩርት አልገዛሁም። አራተኛውን በር ዘጋሁ። አምስተኛውን በር ዘጋሁ። ተከፍቶ ይሆን ብዬ ተመልሼ አየሁት፤ ተዘግቷል። ስድስተኛውን በር ዘጋሁ። ሰባተኛውን በር ዘጋሁ። ስደርስ ሌላ በር ዘግተውባት ነበር።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እንባዋ እንዳሻው ፈሰሰ። ያኔ ስትተይብ «ድግግሞሽ በዝቷል» ብላ እንደነበር ትዝ አላት። ሌላም ነገር ትዝ አላት፤ ከዚያ ታሪክ በኋላ ዘበኛው የሚያመጡት እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ፣ አሁን ምንም ካላመጡ ስድስት ወር ሆኗል።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ቀልዱ ሁሉ ጠፋው። «ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«ያቆሸሸው ያጥበዋላ፣ ሌላ ምን አለ» አለች።

ሰኞ ሱቋን ዘግታ አሳታሚው ዘንድ ሄደች። አርታኢዋ በዕድሜ ከእሷ የምታንስ፣ እርሳስ ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ ሴት ናት። ታይፒስቷ ሁለቱን ክምር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የሆነውን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። አርታኢዋ የእጅ ጽሑፎቹን እያገላበጠች ብዙ ቆየች።

«እርስዎ የራስዎን ይጽፋሉ?» አለቻት በመጨረሻ።

«አንድ አንድ ገጽ።»

«ይኸውልዎት፣ ውድድሩ አርብ ሳምንት ይዘጋል። ከዚያ አንድ ቀን ማሳለፍ አልችልም። እነዚህን እንደነበሩ ተይበው፣ ባለቤቶቹ ፈርመውበት ካመጡ አነባቸዋለሁ። ነገር ግን» አለችና እርሳሷን ፀጉሯ ላይ ስትፈልግ ቆየች፤ «ይህን ያቃና እጅ የራሱ ነገር ሊኖረው ይገባል። ሠላሳ ገጽ ካመጡልኝ የእርስዎንም ለብቻው አስገባዋለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር መኖሩን አላውቅም፤ ተስፋ አልሰጥዎትም።»

እንግዲህ አሥራ አንድ ቀን አላት። ቀን ቀን የባለጉዳይ ሥራ አለ። በሚተርፋት ሰዓት ወይ የሰዎቹን መቶ አርባ ገጽ ትተይባለች፣ ወይ የራሷን ሠላሳ ገጽ ትጽፋለች። ሁለቱን ማድረስ የሚችል እጅ የላትም። የእግር መንገዱን እስክትጨርስ ድረስ ሠላሳውን ገጽ በልቧ ስትጽፍ ሄደች፤ ርዕሱን ሁሉ አውጥታለት ነበር። ሱቋ ደርሳ በሩን ስትከፍት ግን ሳጥኖቹ አግዳሚዋ ላይ ተደርድረው ይጠብቋታል። እንደ ባለጉዳይ ነበር የሚመስሉት። ከመጀመሪያው ሳጥን ጀመረች።

ባሏ ሊያግዛት መጣና የኪቦርዱን ፊደል ማጥፊያ ቁልፍ በጠፍጣፋ መፍቻ ነቅሎ አወጣው።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ለጎረቤትሽ በአደራ እሰጠዋለሁ። ማጥፋት ስትፈልጊ ሄደሽ ትጠይቂዋለሽ፤ ለምን እንደሆነም ትነግሪዋለሽ።»

ጫማ ጠጋኙም አደራውን የዋዛ አላደረገውም። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጊዜ ሄዳ ጠየቀችው። «ፊደል ተሳስቼ ነው» ስትለው ይሰጣታል፤ «አይ፣ ይኼ ዓረፍተ ነገር እኮ…» ብላ ስትጀምር ቁልፉን መልሶ ኪሱ ይከታል። በአራተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሄደች።

ቅዳሜ ደረሰ። ከአሥራ አንዱ የመጡት ዘጠኝ ነበሩ። ታይፒስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥጓ ተነስታ መሃል ቆመች። ደብዳቤው ስለ እሷ እንደሆነ፣ ኃላፊው ንጹሕ መሆኑን፣ ሦስት ዓመት የሁሉንም ስትነካካ እንደኖረች ተናገረች። «ለናንተ ብዬ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ የእጅ ጽሑፋቸውን ለየባለቤቱ መለሰች።

«እትዬ» አለ መካኒኩ፣ «እኔ መኪናዬን ለእጥበት ብሰጥሽ አንቺ ሞተሩን ቀየርሽው ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«ሳልጠይቅ።»

«ደህና ይሄድ ነበር እኮ» አለ፤ ተቆጥቶ መሆኑ ድምፁ ያስታውቃል። ነርሷ ደግሞ በተቃራኒው ወረቀቷን አየት አድርጋ፣ «የኔን ተዪው፣ ያንቺው ይሻላል። እባክሽ እንዳትመልሺው» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም፣ አልተቀየመም፤ ብድግ ብሎ የራሱን ወንበር አመጣና «ቁጭ በይ እትዬ» አላት። ታይፒስቷን ከስድብ ሁሉ የበለጠ ያንገበገባት ይኸው ነበር።

ዘበኛው ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ያስተካክሉታል።

«አውቄዋለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ ጋሼ?»

«ያን ዕለት። ነርሷ ስታነበው በሮቹን ስጠብቅ ነበር። አንድም ሳይመጡ አለቀ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ደንቡ ነዋ እህቴ። ጸሐፊው ዝም ይላል አይደል እንዴ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አንቺ የቀለም ሰው ነሽ። በሮቹ ትርፍ ቢሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ስጽፍ ሁሉም ትርፍ እየመሰለኝ፣ ተውኩት።»

ታይፒስቷ ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ከፈተች። ሠላሳ ዓመት የሰውን ይቅርታ ስትተይብ የኖረች ሴት፣ የራሷን ማውጣት አቃታት። በመጨረሻ «ይስጡኝና ላንብበው» ነው ያለችው። ሰጧት። ሰባቱንም በር አንድ በአንድ አነበበች። ስትጨርስ መካኒኩ ፊቱን ወደ ጋዜጣ ክምሩ አዙሮ ነበር።

አርብ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል፣ መቶ አርባው ገጽ መቶ ሰባ ሁለት ሆኖ፣ አሥራ አንድ ፊርማ ይዞ ገባ። የነርሷም በራሷ ቃል ነው፤ ሁለት ቀን ለምና አስፈርማታለች። የታይፒስቷ ሠላሳ ገጽ አልገባም።

መልሱ ሲመጣ የስምንቱ ታሪክ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ዘበኛው መጀመሪያ ላይ ናቸው። ሦስቱ ቀርተዋል፤ ከሦስቱ አንዷ ነርሷ ናት። «ያንቺው ቢሆን ገብቼ ነበር» አለቻት ታይፒስቷን፣ እውነቷን። አሁን ነርሷ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ትመጣለች፤ ወረቀቷን አግዳሚዋ ላይ ዘርግተው፣ ታይፒስቷ እየጠየቀች ነርሷ ራሷ እየሰረዘች፣ ሁለቱ ይከራከራሉ።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ቅዳሜ ኃላፊው ስም የሌለበት ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ከኪሱ አወጣ። «የዛሬው ይኼ ነው፤ ጋሼ ያነቡልናል» አለ። የታይፒስቷን እጅ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያላወቀ መስሎ ተቀመጠ።

ታሪኩ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና ስለ ጡረታ ማመልከቻዋ ነው። ጸሐፊዋ የዛሬ ሠላሳ ዓመት በሁለት መስመር የቋጨችውን የሟቹን ደግነት፣ ሁለቱን ገጽ ሙሉ፣ የምታስታውሰውን ያህል በሴትዮዋ ቃል መልሳ ጽፋዋለች። አላረመችውም። ዘበኛው መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ፣ ቀስ ብለው ያነባሉ። ታይፒስቷ ያቺ መስመር እየመጣች መሆኗን ታውቃለች። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቀቻት፣ የተንጋደደች መስመር ናት። እጇ ሳታዝዘው ወደ ቦርሳዋ፣ ወደ እስክሪብቶው ሄደ።

«ባሌ ደግ ነበር» ብለው አነበቡ ዘበኛው። «ለልጆቹ ደግ ነበር፣ ለጎረቤት ደግ ነበር፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ደግ ነበር።»

ቀና አሉና ከመነጽራቸው በላይ ክፍሉን አዩ።

«አራት ጊዜ ‹ደግ ነበር› ይላል» አለ መካኒኩ።

«አዎ» አሉ ዘበኛው፣ «አራቱንም አንብቤያቸዋለሁ።» ወደሚቀጥለው መስመር ተሻገሩ።

ታይፒስቷ እጇን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። በደንቡ መሠረት ዝም አለች።